አልዞር ያለችው መኪና

  

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት ትንሽ መኪና ነው። በሪሞት የምትነዳ፣ ትልልቅ ጎማ ያላት፣ ድንጋይና አሸዋ ላይ እንድትሄድ የተሠራች መጫወቻ ናት። ይቺ መኪና መሪዋ ደከመ። ወደ ቀኝ ስትሏት ትንሽ ዘወር ትልና ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሪዋ ለምን እንደደከመና እንዴት እንደዳነ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

«እኔ እንዲህ ዓይነት መኪና የለኝም፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ ካለ ገጹን ቶሎ አይግለጠው። እዚህ የተጻፈው ነገር ለባጃጅም፣ ለአይሱዙም፣ ለሚኒ ሚዲያችን ማይክራፎንም ይሠራል። ደግሞ በመሃል የማፍርበትን ነገር ስለምናገር እሱን ለማንበብ እንኳ ቆዩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው

ታላቅ እህቴ ሳውዲ ነው ያለችው። ባለፈው ዓመት ከእዚያ በተመለሰ ሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችልን። ለእማዬ ሻርፕ፣ ለእኔ ጫማ፣ አንደኛ ክፍል ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ መኪናዋን። ልብ በሉ፣ መኪናዋ የኔ አይደለችም፤ የሱ ናት።

ወንድሜ ጎሊና ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ይነዳታል። የሰፈር ልጆች ሁሉ ተራ ይዘው ይቆማሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መሪዋ እየደከመ መጣ። አንድ ቀን ይዟት መጣና «አንተ የሚኒ ሚዲያውን ማይክራፎን ትሠራ የለ? ይቺንም ሥራልኝ» አለኝ።

እኔም ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ማይክራፎኑን የሠራሁት የተበጠሰ ሽቦ ቀጥዬ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን «እሺ፣ ቀላል ነው» አልኩ። ማታ እሱ ሲተኛ ፈታኋት። ካቻቢቴ ስላልነበረኝ በቢላ ጫፍ ነው የፈታሁት። ከዚያ የፊት ጎማውን ይዤ በእጄ በኃይል ጠመዘዝኩት። «ቀጭ!» አለ። ከውስጥ የትንሿ ፕላስቲክ ማርሽ ጥርስ ተሰበረ። ድሮ ትንሽ ትዞር የነበረችው ጭራሽ መዞር አቆመች።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? መልሼ ገጠምኳት። ጠዋት ሲጠይቀኝ «ባትሪው ነው የደከመው፣ ቻርጅ አድርጋት» አልኩት። እሱም አመነኝ። በየማታው ቻርጀር ላይ ይሰካታል፤ መብራት ከጠፋ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጠዋት ተነሥቶ ይሞክራታል፤ አትዞርም። «ዛሬም አልሞላም» ይለኛል። ይህ አንድ ሳምንት ቆየ። እኔ ያ ሳምንት ምሳ እንኳ በደንብ አልበላሁም።

የመካኒኩ ጥያቄ

በመጨረሻ መኪናዋን በፌስታል ጠቅልዬ ሁላችንም «አያ» እያልን ወደምንጠራው ጎረቤታችን ባጃጅ መካኒክ ሄድኩ። አያ መኪናዋን አገላብጦ አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነው፦

«ያልዞረው ጎማው ነው ወይስ መኪናው?»

«አያ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልዩነቱማ ብዙ ነው የኔ ልጅ። ጎማው አልዞር ካለ በሽታው መሪው ጋ ነው። ጎማው ዞሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ መሪው ጤነኛ ነው፤ በሽታው መሬቱና ጎማው ሳይያያዙ ቀርተው ነው። አንተ ይህን ሳትለይ ነው ቢላ ያነሣኸው?»

ዝም አልኩ። ሐኪም እንኳ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሳይል መርፌ አይወጋም አይደል? የዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ከመፍታታችሁ በፊት ለዩ።

የትንሿ መኪና መሪ እንዴት ይሠራል?

ለመለየት መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሪሞቱ ላይ ያለውን መሪ ስናዞር ሪሞቱ በራዲዮ ሞገድ መልእክት ይልካል። መኪናዋ ውስጥ ያለው ተቀባይ መልእክቱን ይሰማና ሰርቮ ለሚባል ትንሽ ሳጥን ይሰጠዋል። ጎማውን የሚያዞረው ሰርቮው ነው።

በሰርቮ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ትንሽ ሞተር። በጣም ይፈጥናል ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው።
2ኛ. ተደራራቢ ማርሾች። የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበቱን ያበዛሉ። እኔ የሰበርኩት ከነዚህ አንዱን ነው።
3ኛ. ፖቴንሽዮሜትር። የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ታውቁት የለ? ዘመዱ ነው። ክንዱ አሁን ምን ያህል እንደዞረ ይናገራል።
4ኛ. ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። «የታዘዝኩት እዚህ ድረስ ነው፤ የደረስኩት እዚያ ነው» እያለ ያነጻጽራል፤ እኩል ሲሆኑ ሞተሩን ያቆማል።

ትእዛዙ የሚመጣው በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ነው። በብዙ ሰርቮዎች በ1 ሴኮንድ ውስጥ 50 ያህል ምቶች ይመጣሉ። የአንዱ ምት ርዝመት 1.5 ሚሊሴኮንድ ከሆነ መሪው መሃል ይሆናል። ወደ 1 ሚሊሴኮንድ ሲያጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ሚሊሴኮንድ ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። (1 ሚሊሴኮንድ ማለት አንድ ሴኮንድ ለ1000 ሲካፈል ነው።) በጣም ርካሽ የሆኑ መጫወቻዎች ግን ይህ ሁሉ የላቸውም፤ ወደ ቀኝ ሙሉ፣ ወደ ግራ ሙሉ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ መሃል የሚመልሳቸው ሞላ ነው።

ከሰርቮው አንድ አጭር ክንድ ይወጣል። ክንዱ ላይ ዘንግ ይታሠራል፤ ዘንጉ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ይገፋል፣ ይስባል። በትልልቆቹ መኪኖች ይህን ዘንግ መካኒኮች ቲራንቴ ይሉታል። እንግዲህ ከሪሞቱ እስከ ጎማው ያለው መንገድ እንደ ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከላላች ሁሉም ይደክማል። ሥራችን የላላችውን ቀለበት መፈለግ ነው።

ጎማው አልዞር ሲል፦ በቅደም ተከተል

አያ ያስተማረኝ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። ገንዘብ የማያስወጣው መጀመሪያ፣ መፍታት መጨረሻ።

ሀ) ሪሞቱን ተመልከቱ። ብዙ ሪሞቶች ላይ ሁለት ትንንሽ የሚዞሩ ቁልፎች አሉ። አንዱ መሪውን መሃል ላይ ያስተካክላል። ሌላው ጎማው እስከ ምን ድረስ ይዙር የሚለውን ይወስናል። ይህ ሁለተኛው በልጅ እጅ ተነካክቶ ከወረደ ጎማው በግማሽ ብቻ ይዞራል። ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል፤ መድኃኒቱ ግን ቁልፉን መመለስ ነው።

ለ) አንሥታችሁ ሞክሩ። መኪናዋን ባዶ ጣሳ ላይ አስቀምጡና ጎማዎቹ አየር ላይ ይንጠልጠሉ። አሁን መሪውን አዙሩ። አየር ላይ ሙሉ ዞሮ መሬት ላይ ከደከመ፣ ችግሩ የጉልበት ማነስ ወይም የሰበቃ መብዛት ነው። አየር ላይም ካልዞረ አንድ ነገር ተቀርቅሯል፣ ተሰብሯል ወይም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም።

ሐ) ባትሪውን ፈትሹ። የእኛዋ መኪና ባትሪ ሁለት የሊቲየም ሴሎች አሉት። ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ ሲያልቅ ወደ 6 ይጠጋል። ቮልቱ ሲወርድ የመሪው ጉልበትም ይወርዳል። ግን ተጠንቀቁ፣ ቆሞ ሲለካ ጤነኛ የሚመስል ባትሪ ሞተሩ ሲጎትት ይወድቃል። ስለዚህ ጎማዎቹን አየር ላይ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ሞክሩ። መጀመሪያ መሪውን ብቻ፣ ቀጥሎ ወደፊት የሚያስኬደውን አብራችሁ በመጫን። ሁለተኛው ላይ ብቻ ከደከመ ጥርጣሬው ባትሪው ወይም የሽቦው መገናኛ ላይ ነው። አያ እንደነገረኝ የትልልቅ መኪኖችም መሪ ሞተሩ ሲጠፋ በጣም ይከብዳል፤ የሚያግዘው ኃይል ስለተቋረጠ ነው።

መ) ዘንጉን ፍቱና ጎማውን በእጅ አዙሩ። «ዘንጉን ፍቱና» የሚለው ላይ አስምሩበት! ጎማው ከሰርቮው ጋር እንደታሠረ በኃይል ካዞራችሁት ማርሹ ይሰበራል፤ እንደ እኔ ማለት ነው። ዘንጉ ከክንዱ ሲላቀቅ ጎማው በአንድ ጣት ወዲያና ወዲህ ማለት አለበት። ከከበደ ሰርቮው ምንም አልበደለም፤ መገጣጠሚያው ነው የተያዘው።

የኛ መኪና በሽታ እዚህ ጋ ተገኘ! ዘንጉ ተፈትቶም ጎማው ከበደ። አያ መገጣጠሚያውን በመርፌ ጫር ሲያደርገው ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ። የጎሊና አሸዋ ከምግብ ዘይት ጋር ተቦክቶ ነበር። ለካ ወንድሜ መኪናዋ ሲከብዳት ጊዜ ከማድ ቤት ዘይት ወስዶ ቀብቷታል። ሊረዳት ፈልጎ ነው። ዘይቱ ደግሞ አሸዋውን እየጠራ አጣበቀው።

ስለዚህ ስሙኝማ፣ እኔ ያን ማታ ሰርቮውን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር። በሽታው ውጭ ነበር። እኔ ጤነኛውን ሰበርኩት።

ሠ) አጽዱ፣ ዘይት ግን አትቀቡ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ የሳሙና ውኃ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ውኃው ሰርቮውና ሰሌዳው ጋ እንዳይደርስ፣ ባትሪውም አስቀድሞ ይውጣ። እኛ አገር አሸዋና አቧራ ስለሚበዛ ክፍት በሆነ መገጣጠሚያ ላይ ዘይትና ግሪስ መቀባት ቆሻሻ መጥራት ነው። በምትኩ አያ እርሳሴን ተቀበለኝና በምላጭ ፍቆ ዱቄቱን ነሰነሰበት። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ስለሆነ አሸዋ አይዝም። ሽቦና ሰሌዳ አጠገብ ግን እንዳታደርጉት፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ረ) ብሎኑንና ልልነቱን እዩ። የመገጣጠሚያ ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማውን ይይዘዋል። ከላላ ደግሞ ሰርቮው ሲዞር ግማሹ እንቅስቃሴ በክፍተቱ ውስጥ ይጠፋል። አጥብቁትና ጎማው በነጻ እስኪዞር ትንሽ መልሱት። ሰርቮው ራሱ በደንብ መታሠሩንም እዩ። ጎማውን ከማዞር ፋንታ ራሱ ሰርቮው የሚወዛወዝ ከሆነ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል።

ሰ) መከላከያውን ሞላ እዩ። በብዙ መኪኖች በክንዱና በዘንጉ መካከል አንድ ሞላ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ግጭቱን ተቀብሎ ማርሹን ያድነዋል። ይህ ሞላ ሲለሰልስ ክንዱ ይዞራል፣ ጎማው ግን ይቆማል። በዓይን ይታያል። እኛ ከባጃጅ ከመነዳሪ (ከውስጥ ጎማው) ቀጭን ክር ቆርጠን ሞላው ላይ ጠመጠምንና ጠነከረ። ግን ጨርሶ እንዲደርቅ አታድርጉት። ሞላው ካልሠራ የሚቀጥለው ድንጋይ ማርሹን ይሰብረዋል።

ሸ) የክንዱን ቀዳዳ ቀይሩ። ይህ የሂሳብ ተማሪዎችን ይመለከታል። የሰርቮ ጉልበት የሚነገረው በኪሎ ግራም ሴንቲሜትር ነው። ለምሳሌ 3 ቢሆን ዘንጉ ከመሃሉ 1 ሴንቲሜትር ርቆ ሲታሠር 3 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። 1.5 ሴንቲሜትር ሲርቅ 3 ÷ 1.5 = 2 ኪሎ ግራም። 2 ሴንቲሜትር ሲርቅ 3 ÷ 2 = 1.5 ኪሎ ግራም ብቻ። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ማምጣት ጉልበት ይጨምራል። በነጻ ግን አይደለም፤ ጎማው የሚዞርበት መጠን ይቀንሳል። ጉልበት አንሶ የመዞሪያ መጠን ከተረፈ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ቀ) አሁን ነው ሰርቮው የሚከፈተው። ከላይ ያሉት ሁሉ ተሞክረው ካልሆነ ብቻ። ሲከፈት ማርሾቹ እንዴት እንደተደረደሩ ወረቀት ላይ ሳሉ፤ የተሰበረ ጥርስ ፈልጉ። የምትተኩት ማርሽ የጥርስ ቁጥሩ፣ ስፋቱና የመሃል ቀዳዳው ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። ጥርስ መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ጥርስ ከበለጠ ወይም ካነሰ አይገጥምም።

የኔን ማርሽ ለማግኘት ቆቦ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ሞባይልና ራዲዮ ጠጋኝ ካርቶን ሙሉ የሞቱ ዕቃዎች ነበሩት። ሞተሩ የተቃጠለ አሮጌ ሰርቮ ውስጥ እኩል የሆነውን ማርሽ አገኘን። የከፈልኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት ማሳ ላይ ሠርቼ ባገኘሁት ገንዘብ ነው። ፀሐዩን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዲት የጣት ጥፍር የማታክል ፕላስቲክ ሁለት ቅዳሜ ፈጀችብኝ።

ይህን ያውቃሉ?

* በራዲዮ የሚነዳ ጀልባ ለሕዝብ ያሳየው ኒኮላ ቴስላ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1898፣ ቦታው ኒውዮርክ ነበር። ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።
* መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጨኛው የበለጠ መዞር አለበት፤ የሚዞረው ክብ ትንሽ ስለሆነ። ይህን የሚያደርገውን አሠራር ያወጣው ጀርመናዊው ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ነው። ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዝ አገር ያስመዘገበለት ግን አከርማን ስለነበር ስሙ በአከርማን ቀረ። ባጃጅ ግን ፊቱ አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።
* እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ያረፈው ኪዩሪዮሲቲ ስድስት ጎማ አለው። የፊቶቹ ሁለትና የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የመሪ ሞተር አላቸው። ማርስ ሩቅ ስለሆነች የራዲዮ መልእክት ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እንደ እኛ በሪሞት «ቀኝ! ግራ!» እያሉ አይነዱትም፤ መንገዱን አስቀድመው አስበው ይልካሉ። እዚያ ማርሽ ቢሰበር ቆቦ ሄዶ የሚያመጣለት የለም።

ጎማው ዞሮ መኪናው አልዞር ሲል

ማርሹ ተተካ፣ መገጣጠሚያው ጸዳ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ሞከርናት፤ ቆንጆ ዞረች። ጎሊና አሸዋ ላይ ስንወስዳት ግን አሁንም በፍጥነት ስትሄድ ቀጥ ትላለች! እኔ ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ የአያ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎማው ሙሉ ዞሯል፤ መኪናዋ ናት ያልዞረችው። ይህ ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ካቻቢቴ አያስፈልገውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊት ጎማ መኪናዋን የሚያዞረው መሬቱን ሲይዝ ብቻ ነው። ሦስት ነገሮች ይህን ያበላሻሉ።

አንደኛ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲበዛ። የእኛ መኪና ባትሪዋ ከኋላ ነበር። ፊቷ ስለሚቀላት በተለይ ነዳጅ ስንሰጣት (ማለቴ ወደፊት ስንነዳት) አፍንጫዋን ታነሣለች። ባትሪውን ቦታው እስከፈቀደ ወደ ፊት አመጣነውና ከፊት ትንሽ ጠጠር በጨርቅ ጠቅልለን አሠርን። ክብደት ሲበዛም ደግሞ ሰርቮውን ያደክመዋል፤ በመጠኑ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ጎማው ሲያልቅ ወይም በጭቃ ሲሞላ። በጎማው ጥርሶች መካከል ያለው ጭቃ ካልወጣ ጎማው እንደ ለስላሳ ኳስ ይንሸራተታል።

ሦስተኛ፣ አነዳዱ። አሸዋ ላይ በሙሉ ፍጥነት መታጠፍ አይቻልም። ከመታጠፊያው በፊት ቀንሱ፣ አዙሩ፣ ከዚያ ጨምሩ። የባጃጅ ሹፌሮችን አስተውሉ፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ነው ወይስ ከመድረሳቸው በፊት ነው የሚቀንሱት?

ለውጡን በግምት እንዳንናገር ለካነው። አመድ በትነን መኪናዋ በመካከለኛ ፍጥነት የምትዞረውን ክብ መሬት ላይ አየንና ከዳር እስከ ዳር በእግራችን ተራመድነው። ክብደቱ ሳይስተካከል 9 እርምጃ ነበር። ከተስተካከለ በኋላ 5 ሆነ። እናንተም አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር ለኩ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ጥንቃቄ

* የሊቲየም ባትሪ ሰው በሌለበት ቻርጅ አታድርጉ። ካበጠ ወይም ከተቀደደ በጭራሽ አትጠቀሙበት፣ አትብሱት።
* «ይበርታ» ብላችሁ ከታዘዘለት በላይ ቮልት ያለው ባትሪ አትግጠሙ። ሰርቮው ይቃጠላል።
* አስፋልት ዳር አትጫወቱ። በከተማችን መሃል የሚያልፈው መንገድ የወልድያና የአላማጣ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። የሸሸች መኪና ትተካለች፤ ተከትሏት የሮጠ ልጅ ግን አይተካም።
* ክረምት ላይ ወንዙ ውስጥ አትግቡ። እዚህ ሮቢት ሰማዩ ጠርቶ ላይ በደጋው ከዘነበ ጎርፍ ድንገት ይመጣል።

የቀረችው ቀለበት

መኪናዋ ከዳነች በኋላ ለወንድሜ ዝም ብዬ ልሰጠው አስቤ ነበር። «ባትሪው ሞላ» ብለው ያምነኛል። አያ ግን መኪናዋን በፌስታል እየጠቀለለ «ሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ያልተሠራ ነገር ቀርቷል» አለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ገብቶኛል።

ማታ ቻርጀሩን ሊሰካ ሲል ያዝኩት። «ባትሪው አይደለም የተበላሸው» አልኩት። «እኔ ነኝ የሰበርኳት። በማላውቀው ገብቼ ሰበርኩ፤ ከዚያ ዋሸሁህ።» ብዙ አየኝ። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ «ዘይቱንም እኔ ነኝ የቀባኋት፤ ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ። ለካ እሱም እኔን ሲፈራ ነበር የከረመው! ሁለታችንም በየፊናችን በአንዲት መኪና ምክንያት ስንፈራ አንድ ሳምንት አልፏል።

በዓርቡ እህቴ ደወለች። ወንድሜ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መኪናዋን በጓሯችን በማሽላ አገዳው መካከል ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዘ አሳያት። «ጎበዝ! እስካሁን ሳትሰበር ቆየች?» አለች። እኛም ተያየንና «ተሰብራ ነበር፤ ሠራናት» አልናት። እሷም በጣም ሳቀች። እማዬ ግን ዘይቱን እስካሁን አታውቅም፤ ይህን መጽሔት ካነበበች ያኔ ታውቃለች።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የመኪና መሪም ሆነ የክፍላችን መብራት ሲደክም መጀመሪያ ጠይቁ፦ ያልዞረው ጎማው ነው ወይስ መኪናው? ከቀላሉ ጀምሩ፣ አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ለኩ። ሳታውቁ ከሰበራችሁ ደግሞ «ሰበርኩ» በሉ፤ ሳትናገሩ ከቆያችሁ ሌላው ሰው የማይሞላ ባትሪ ሲሞላ ያድራል።

የተሰበረ መጫወቻ፣ ራዲዮ ወይም ባትሪ (የእጅ መብራት) ያላችሁ ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል አምጡ። አብረን እናያለን። አሁን ካቻቢቴ አለን፤ በቢላ አንፈታም።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ የሰርቮ ጉልበት 6 ኪሎ ግራም ሴንቲሜትር ቢሆንና ዘንጉ 1.5 ሴንቲሜትር ላይ ቢታሠር ስንት ኪሎ ግራም ይገፋል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ጣሉ። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ተማሪ በሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል፤ መኪናዋንም አንድ ዙር ይነዳታል። ወንድሜን አስፈቅጃለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስከምንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል